ካንሰሩ ሲመለስ፦ ስለ ሁለተኛ መስመር ኬሞቴራፒ ምእመናን ልናውቀው የሚገባን



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም ከእሁድ አምልኮ በኋላ በር ላይ ጠበቀኝ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ይዞት ወደ ጉበቱ ተዛምቶበት ነበር። ለወራት ኬሞቴራፒ ወስዶ በጉበቱ ላይ የነበሩት ዕጢዎች ስላነሱ በጉባኤ ፊት መስክሮ አብረን እልል ብለናል። በዚያ ቀን ግን ፊቱ ጠቁሯል። ዕጢዎቹ እንደገና ማደግ ጀምረዋል፤ ሐኪሞቹም ሌላ ዓይነት የመድኃኒት ጥምረት እንጀምርልህ ብለውታል። «ፓስተር፣ ሁለተኛውን ብጀምር የመሰከርኩትን መካድ ይሆንብኛል? ደግሞስ ያኛው ካቃተው ይኼኛው ምን ያደርግልኛል?» አለኝ።

እጄን ጭኜ ጸለይኩለት። ጸሎቱ ትክክል ነበር። ከጸሎቱ በኋላ የተናገርኩት ግን ትክክል አልነበረም። «አይዞህ፣ መድኃኒቱም ይሠራል፣ ፈጽሞም ትድናለህ» ብዬ አሰናበትኩት። ስለ መድኃኒቱ አንዳች አላውቅም፤ ስለ ፈውሱም ከጌታ የሰማሁት ነገር አልነበረኝም። ሰውየው ሁለት ጥያቄ ጠይቆኝ አንዱንም ሳልመልስለት ሄደ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ በማግስቱ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ፈቃዱ ስለሆነም በሚቀጥለው ቀጠሮው ሐኪሙ ዘንድ አብሬው ገባሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ካነበብኩትና ሐኪሞችን ጠይቄ ከተረዳሁት የወጣ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ማንም ይህን አንብቦ መድኃኒት እንዲጀምር ወይም እንዲያቆም አልጽፍም። ዓላማዬ ከእናንተ መካከል ታማሚ የሆነው፣ ወይም ታማሚ በቤቱ ያለው፣ የሐኪሙን ቃል ሰምቶ እንዲረዳ ነው።

«ሁለተኛ መስመር» ማለት ምን ማለት ነው?

አስቀድመን ቃሎቹን እናጥራ። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ከተነሣበት ቦታ አልፎ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን ሲዛመት «የገፋ» ወይም «አራተኛ ደረጃ» ይባላል። እዚህ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ሕክምና የመጀመሪያ መስመር ነው። ያ ሳይሠራ ሲቀር፣ ወይም ሠርቶ ቆይቶ ካንሰሩ እንደገና ሲያድግ የሚሰጠው ሁለተኛ መስመር ይባላል። በኤች አይ ቪ ወይም በቲቢ ሕክምና ቃሉን የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ አሳቡ ተመሳሳይ ነው። «ዙር» ሲሉ ግን ሌላ ነው። ዙር ማለት በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒቱ የሚሰጥበት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንዲት እህት «ስምንተኛ ዙሬ ነው» ብትላችሁ ስምንት ዓይነት ሕክምና ከሽፎባታል ማለት አይደለም! (ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተሳስቼ ስለ ደነገጥኩ ነው።)

ለዚህ ካንሰር የሚሰጡት ዋና ዋናዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ሦስት ናቸው። አንጋፋው ፍሎሮዩራሲል ነው፤ ሐኪሞች ፋይቭ ኤፍ ዩ ይሉታል። ቻርልስ ሃይደልበርገር የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ያደረጉት መድኃኒት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ሕዋስ ሊባዛ ሲል ዲ ኤን ኤ የሚባለውን የዘር መረጃውን መገልበጥ አለበት። ፍሎሮዩራሲል ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልጉት ንጥረ ነገሮች አንዱን መስሎ ይገባና ሥራውን ያሰናክላል። አብዛኛውን ጊዜ ሉኮቮሪን የሚባል የቫይታሚን ዘመድ ይታከልበታል። ሉኮቮሪን ራሱ ካንሰር አይገድልም፤ የፍሎሮዩራሲልን ክንድ ያበረታል እንጂ። ካፔሲታቢን የሚባለው የሚዋጥ ኪኒንም በሰውነት ውስጥ ወደዚሁ መድኃኒት የሚለወጥ ነው።

ሁለተኛው አይሪኖቴካን ነው። ዲ ኤን ኤ እንደ ተፈተለ ገመድ የተጠማዘዘ ስለሆነ ሊገለበጥ ሲል መላላት አለበት። አይሪኖቴካን ገመዱን የሚያላላውን ኢንዛይም ሥራው ላይ እንዳለ ያስረዋል፤ ገመዱም ይበጠሳል። የመድኃኒቱ መነሻ በቻይና ከሚበቅል ዛፍ የተገኘ ንጥረ ነገር ሲሆን ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1966 አስታውቀውታል። የሆስፒታል መድኃኒት ሁሉ የሥጋ መንገድ ነው ለሚሉ ወገኖች እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልተው፦ ዛፉን ማን ፈጠረው?

ሦስተኛው ኦክሳሊፕላቲን ነው። ፕላቲነም የተባለውን ውድ ማዕድን በውስጡ የያዘ ሲሆን የዲ ኤን ኤውን ክሮች እርስ በርስ እያጣበቀ እንዳይላቀቁ ያደርጋቸዋል።

እንግዲህ ፍሎሮዩራሲልና ሉኮቮሪን ከኦክሳሊፕላቲን ጋር ሲጣመሩ ፎልፎክስ፣ ከአይሪኖቴካን ጋር ሲጣመሩ ፎልፊሪ ይባላሉ። አንዱን ወስዶ ካንሰሩ ያደገበት ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ይዛወራል። ያ ወንድም የወሰደው ፎልፎክስ ነበር፤ የቀረበለት ፎልፊሪ ነው። «ያኛው ካቃተው ይኼኛው ምን ያደርጋል?» ላለው ጥያቄ የመልሱ ግማሽ ይኸው ነው። አንዱን መድኃኒት የለመደ ካንሰር ሌላውን ገና አያውቀውም፤ የሚመታውም በሌላ ቦታ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የመልሱ ሌላው ግማሽ ከበድ ይላል፤ ሳልሸፋፍን ልጻፈው።

በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። ፍሎሮዩራሲል ወስደው ካንሰሩ ያደገባቸው 279 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን አይሪኖቴካን ከእንክብካቤ ጋር፣ ሌላው የሕመም ማስታገሻና እንክብካቤ ብቻ ተሰጠው። ከዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከመጀመሪያው ወገን ከ100 ሰው 36 ያህሉ፣ ከሁለተኛው 14 ያህሉ ናቸው። ሌላም ነገር ታየ። መድኃኒቱን የወሰዱት ተቅማጥ ቢበዛባቸውም በሌላው የኑሯቸው ሁኔታ ካልወሰዱት የተሻሉ ነበሩ። ብዙዎቻችን ኬሞቴራፒ በዚህ ደረጃ ሰውን ከማሠቃየት በቀር ፋይዳ የለውም እንላለን። ይህ ጥናት ያንን አያሳይም።

ለምን እንደሚጣመሩ ደግሞ የሚያሳይ አለ። በሰሜን አሜሪካ አይሪኖቴካንንና ፍሎሮዩራሲልን ወስደው በሽታው ያገረሸባቸው ሕሙማን በሦስት ተከፈሉ። ፍሎሮዩራሲልና ሉኮቮሪን ብቻ ከተሰጣቸው ዕጢው በግልጽ የቀነሰለት አንድም ሰው አልተገኘም። ኦክሳሊፕላቲን ብቻውን ከተሰጣቸው ከ100 አንድ ሰው ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ ተጣምረው የተሰጣቸው ግን ከ100 ወደ 10 የሚሆኑት ዕጢያቸው ቀነሰ፤ ካንሰሩ እንደገና እስኪያድግም መካከለኛው ጊዜ ከ2.7 ወር ወደ 4.6 ወር ከፍ አለ። ልብ በሉ፤ ብቻቸውን ምንም ያልሠሩ ሁለት መድኃኒቶች አብረው ሲሆኑ ሠሩ። በዚህ ውጤት መሠረት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በነሐሴ ወር 2002 ጥምረቱን ለእንዲህ ዓይነት ሕሙማን ፈቀደ።

በ2004 ደግሞ ከፈረንሳይ የወጣ የ220 ሕሙማን ጥናት የትኛው ይቅደም የሚለውን ጠየቀ። ግማሾቹ ከፎልፊሪ ጀምረው ወደ ፎልፎክስ፣ ግማሾቹ ከፎልፎክስ ጀምረው ወደ ፎልፊሪ ሄዱ። መካከለኛው የሕይወት ዘመን በአንደኛው 21.5 ወር፣ በሌላው 20.6 ወር ሆነ፤ ያው ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛ ሲሆኑ ዕጢ የማሳነስ ኃይላቸው ግን የመጀመሪያውን ያህል አይደለም። ከ100 ሰው ፎልፎክስ 15፣ ፎልፊሪ 4 ሰው ላይ ብቻ አሳይተዋል። ዕጢው ሳያንስም ሳያድግም ለወራት የሚቆይላቸው አሉ፤ ያም እንደ ጥቅም ይቆጠራል።

ከዚያ ወዲህ የዕጢውን የደም ሥር እንዳይበቅል የሚከለክሉ መድኃኒቶች ታከሉ። ከእነዚህ አንዱ ቤቫሲዙማብ በሁለተኛ መስመር ከፎልፎክስ ጋር ሲሰጥ መካከለኛውን ዕድሜ ከ10.8 ወር ወደ 12.9 ወር እንዳደረሰ በ2007 ታትሟል። ሦስተኛ መስመርም አለ። በ2023 የወጣ ጥናት ትራይፍሉሪዲንና ቲፒራሲል የተባለው ኪኒን ከቤቫሲዙማብ ጋር ሲጣመር 10.8 ወር፣ ብቻውን ደግሞ 7.5 ወር እንዳስገኘ አሳይቷል።

«መካከለኛ» የሚለውን ቃል አትለፉት። 12 ወር ሲባል ለእያንዳንዱ ሰው 12 ወር ተቆርጦለታል ማለት አይደለም። ከሕሙማኑ ግማሾቹ ከዚያ ባነሰ ጊዜ አርፈዋል፣ ግማሾቹ ከዚያ በላይ ኖረዋል፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ እጅግ አልፈው ሄደዋል ማለት ነው። ማን በየትኛው ወገን እንደሚውል አስቀድሞ የሚያውቅ ሐኪም የለም።

ወገኖቼ፣ እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ሳነብ ልቤ ወደቀ። ሁለት ወር? ለዚህ ነው ይህ ሁሉ መርፌ? እኔ ስፈልግ የነበረው «ይድናል» የሚል ቃል ነበር፤ ሁለተኛ መስመር ኬሞቴራፒ ግን በአብዛኛው ይህን ቃል አይሰጥም። የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሕመሙ ቀለል ያለ ጊዜ።

በኋላ ንጉሡ ሕዝቅያስ ትዝ አለኝ (2ኛ ነገ. 20፡1-7)። ታሞ ለሞት ደርሶ ነበር፤ አለቀሰ፣ ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ሰማው። የተጨመረለት ግን የተቆጠረ ዕድሜ ነው፤ 15 ዓመት። ቃሉን ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱም የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎት፣ ትንቢትና መድኃኒት በአንድ ክፍል ውስጥ ተገኙ፤ አንዱም ሌላውን አላባረረም። በየመድረኩ «መድኃኒትህን ጣል» እያሉ የሚያውጁ አገልጋዮች ይህን ምዕራፍ እንዴት እንደሚያነቡት አላውቅም። ሐዋርያው ጳውሎስም ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደ ተወው ሳያፍር ጽፏል (2ኛ ጢሞ. 4፡20)። በእጁ ብዙ ተአምራት የተደረጉለት ሰው የባልንጀራውን አለመፈወስ ለመሸፈን አልሞከረም። እግዚአብሔር ዛሬም ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ፣ እጸልያለሁም። እርሱ ያልተናገረውን ተስፋ በአፉ ማኖር ግን ለእኔ አልተሰጠኝም።

ለታማሚው አይነገር?

በባህላችን አንድ ልማድ አለ። ሐኪሙ ውጤቱን ለቤተሰብ ይነግራል፣ ቤተሰቡ ለታማሚው ይደብቃል፤ «አንጀትህ ቆስሏል» ይባላል። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለእናታቸው ሲያስተረጉሙ ሐኪሙ ያለውን ትተው ሌላ ሲናገሩ አይቻለሁ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በሁለተኛ መስመር ሕክምና ይህ ልማድ ከባድ ጉዳት አለው። መድኃኒቱ የሚጠይቀው ዋጋ ሰውነቱ ላይ የሚከፈለው እርሱ ነው፤ የሚገኘውን ሳያውቅ ልክፈል አልክፈል ብሎ እንዴት ይወስናል? ብዙ ጊዜም ታማሚው ገብቶታል፤ እኛን ላለማሳዘን ያልገባው ይመስላል። በአንድ ቤት ሁሉም እያወቀ ሁሉም ዝም ይላል።

ያ ወንድም ሐኪሙን በራሱ አፍ ጠየቀ፦ «ይህ መድኃኒት ሊያድነኝ ነው ወይስ ጊዜ ሊሰጠኝ?» ሐኪሙም ጊዜ ሊሰጥህ ነው አለው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ልጀምር አለ። በዚያው ሳምንት በአባታቸው ቤት ጉዳይ ለዓመታት ካኮረፈው ታላቅ ወንድሙ ጋር እንዳስታርቀው ላከኝ። እርቁ በአንድ ቀን አልሆነም፤ አራት ጊዜ ተመላልሰናል፤ ሆነ ግን። ጊዜው አጭር ሊሆን እንደሚችል ባያውቅ ኖሮ ያን ደጅ የሚያንኳኳ አይመስለኝም።

ሐኪሙን ስንጠይቅ ሌሎችም ሊረሱ የማይገባቸው ጥያቄዎች አሉ። በሽታው ጉበት ላይ ብቻ ከሆነ ዕጢው ቢያንስ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል ወይ? ይህ የሚቻልላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል ግን ፈጽመው የዳኑ ስላሉ ሳይጠየቅ አይታለፍ። ካንሰሩ በዘረመል ተመርምሯል ወይ? ራስ የሚባሉት ዘረመሎች ከተለወጡ ሴቱክሲማብና ፓኒቱሙማብ የተባሉት መድኃኒቶች አይጠቅሙም፤ ገንዘብም ጤናም በከንቱ ይባክናል። ኤም ኤስ አይ በሚባለው ምርመራ ከፍተኛ የሆነባቸው፣ ከገፋ ሕመምተኞች ከ100 ወደ 5 የሚሆኑት፣ በኬሞቴራፒ ፈንታ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ መድኃኒት ሊጠቅማቸው ይችላል። አንዱ ፔምብሮሊዙማብ ሲሆን ቀድሞ ለታከሙት በ2017፣ ለመጀመሪያ መስመር በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ፍሎሮዩራሲልን የሚያስወግደው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ጥቂት ሰዎችም አሉ፤ መድኃኒቱ እስከ ሞት ሊመርዛቸው ስለሚችል የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ከመጀመር በፊት ምርመራ እንዲደረግ መክሯል።

በአገር ቤት ላላችሁ፣ ይህ ሁሉ ምርመራና መድኃኒት በእጅ እንደማይገኝ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ኦክሳሊፕላቲንንና አይሪኖቴካንን በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷቸዋል፤ በዝርዝር መግባትና በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ መገኘት ግን የተለያዩ ናቸው። አንድ ቤተሰብ ቤቱን ከመሸጡ በፊት መድኃኒቱ ምን ያህል ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ታማሚውን አለመውደድ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ልታደርግ የምትችለው

ትኩሳት። ከሁሉ በላይ ይህችን ያዙልኝ። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ ትንሽ ልክፈት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ሙቀቱ 38 ከደረሰ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። መኪና ያለው ወገን መኪናውን ያስነሣ፤ ጸሎቱ መኪናው ውስጥ ይሁን። ሽማግሌዎች እስኪመጡ አይጠበቅ።

ጾም ጸሎት ሲታወጅ ታማሚው ምግብና ውሃ አይከልከል። በተለይ አይሪኖቴካን ከተሰጠ ከቀናት በኋላ ብርቱ ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ውሃ የሌለው ሰውነት በዚያ ላይ በፍጥነት ይወድቃል። ሐኪሙ የሰጠው ማስቆሚያ ኪኒን ቤት ውስጥ ይኑር፤ ካልቆመ ይደወል። እኛ እንጹምለት፣ እርሱ አጥሚቱን ይጠጣ። ኦክሳሊፕላቲን የሚወስደው ደግሞ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ወይም ሲጠጣ ጣቶቹና ጉሮሮው እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝሩታል፤ ስለዚህ ጥየቃ ስትሄዱ ከማቀዝቀዣ የወጣ ለስላሳ አትያዙለት። ሕክምናው ሲበዛ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ለጊዜው ይቆማል። ብዙዎች ግን ሕክምናው እንዳይቋረጥባቸው ብለው ይደብቃሉ። ዳማከሴም ሆነ ሌላ የአገር መድኃኒት፣ ለሐኪሙ ሳይነገር አይጨመር።

ጉንፋን የያዘው ሰው ለጥየቃ አይሂድ፤ በስልክ ይጸልይ። እጅ የምንጭን አገልጋዮችም አስቀድመን እንታጠብ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጣ ሰው በየሁለት ሳምንቱ ማደሪያ ያስፈልገዋል፤ አልጋ ያለው ቤት ያለን ስንቶች ነን?

አንድ ቀን ደግሞ ታማሚው «በቃኝ» ሊል ይችላል። ሰውነቱ ደክሞ ቀኑን በአብዛኛው አልጋ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ኬሞቴራፒ ከሚጠቅመው የሚጎዳው ሊበልጥ ስለሚችል፣ አንዳንዴ ይህን ቃል የሚናገረው ሐኪሙ ራሱ ነው። ያን ጊዜ ሕመምን የማስታገስ ሕክምና ይቀጥላል። ሁለተኛውን መስመር የጀመረውን እምነት የለሽ እንዳላልነው ሁሉ ያቆመውንም ተስፋ ቆረጠ አንበለው።

ያ ወንድም ፎልፊሪን ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ወሰደ። ፍሎሮዩራሲሉ ለ46 ሰዓት ያህል በዝግታ የሚገባ ስለሆነ ታማሚው ወገቡ ላይ በትንሽ ቦርሳ ፓምፕ ታጥቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ቱቦ ደረቱ ላይ ከቆዳ ሥር ወደ ተቀበረ መግቢያ ይገባል። እርሱም ዓርብ ተተክሎለት እሁድ ጠዋት ታጥቆት ይመጣ ነበር። በጸሎት ጸጥታ ውስጥ የፓምፑ ድምፅ ይሰማል፤ ልጆች ዘወር ይሉ ነበር። በእናንተም አጥቢያ እንዲህ ያለ ሰው ብታዩ ምንድን ነው ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁት፤ ስትሳለሙትም ቱቦው እንዳይነቀል ደረቱን ሳትጫኑ በትከሻው በኩል እቀፉት።